በግ የጫረው በር

በሱዳኗ ከተማ አትባራ ውስጥ ባቢከርን የማያውቅ የባቡር ሰው አልነበረም። ነጂ አልነበረም፣ አለቃም ሆኖ አያውቅም፤ ቀለም ቀቢ ነበር። በባቡሩ ግቢ፣ ትልቁ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ፣ በጥቁር ፀጉሩ ገብቶ በሽበቱ እስኪወጣ ድረስ ፉርጎ ሲቀባ ኖረ። ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ጠዋት ብስክሌቱን እንኳ እንደ ሽማግሌ አህያ ዝግ አድርጎ የሚነዳ ሰው ነበር። ብሩሽ ካነሳ ግን እጁ አይንቀጠቀጥም፣ የሚያስቸኩለውም ሰው የለም።

የባቡር ቀለም ቀቢ ሥራው አያልቅም። አሳምሮ ቀብቶ የሸኘው ፉርጎ ወደ ሐልፋ በረሃ ሄዶ ሲመለስ፣ አሸዋው ልጦት ላሜራው ወጥቶ ያገኘዋል። አዲስ የሚገቡ ሠራተኞች ይህን ሲያዩ ሊያለቅሱ ይደርሳሉ። ባቢከር ግን ብርጭቆ ወረቀቱን እያጣጠፈ፣ «አሸዋው ባይልጠው እኔ ምን እበላ ነበር?» ይላቸውና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሲረልኸቲም የሚባል የልብ ጓደኛ ነበረው። ሲረልኸቲም ባቡር ነጂ ነው። ድምፁ ከባቡሩ ጡሩምባ አይተናነስም። እጁ ለመስጠት የፈጠነ ነው፤ ግን የነካውን ነገር ሳያበላሽ አይመለስም። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው ይሰነጠቃል፣ የጠፍር አልጋ ላይ ሲቀመጥ ጠፍሩ ይበጠሳል። የተዋወቁትም እንዲሁ ነው። ያኔ ሁለቱም ጎረምሶች ነበሩ። ሲረልኸቲም ለምሳ እረፍት ወጥቶ፣ በነጭ የሥራ ልብሱ፣ ባቢከር ገና ቀብቶ የጨረሰው ፉርጎ ላይ ደገፍ አለ። ሲላቀቅ ጀርባው አረንጓዴ ሆኗል፣ ፉርጎው ላይ ደግሞ የሰው ጀርባ ተስሏል። ባቢከር ጀርባውንም ፉርጎውንም አይቶ፣ «የትኛችሁን አስቀድሜ ላስተካክል?» አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተለያዩም።

ሁለቱም ጡረታ ወጡ። ሲረልኸቲም ሥራ ሲፈታ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ የሰው ሠርግና የሰው ለቅሶ ማስተናገድ ጀመረ። ባቢከር ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረገ፤ መኪና ገዛ። መኪና ከተባለች ነው። ወደ ዳሚር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ፍየሎች የሚያድሩባት፣ ጎማዋ የረገበ፣ መልኳ የጠፋ አሮጌ ኮሮላ ነበረች። ሞተሯን አንድ መካኒክ ዘመዱ አስነሳለት። የቀረውን ራሱ ያዘው።

የብርዱን ወራት በሙሉ ግቢው ውስጥ አጎንብሶ ሠራ። ዝገቱን ፋቀ፣ ስቱኮ ሞላ፣ በውሃ እያራሰ ፈገፈገ፣ ቀባ፣ ደግሞ ፈገፈገ። ባለቤቱ ቡሰይና፣ የልጁ የሰልማ እናት፣ ምግብ አቅርባ ትጠራዋለች፤ የማሽላ እንጀራው፣ ኪስራው፣ ደርቆ ወጡ ይቀዘቅዛል። «እኔንም እንዲህ ለስልሰህ አይተኸኝ አታውቅም» ትለዋለች። ዕድሜ ልኩን መንግሥት ባዘዘው ቀለም የቀባ ሰው ነውና፣ ለዚህች ብቻ ራሱ የመረጠውን ቀላቀለላት፦ የበሰለ ቴምር ቀለም። ጥላ ውስጥ ስትቆም ጥቁር ትመስላለች፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ከውስጧ ቀይ ይበራል። ስታልቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማሻአላህ እያለ መጥቶ አያት። መንገዱ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጠው ምላሰኛዋ ሲትና እንኳ ብርጭቆ ማጠቧን ትታ መጣች።

«ባቢከር፣ ይህችን ይዘህ ሁለተኛ ሚስት ልታገባ ነው?» አለች።

«አንቺ ከፈቀድሽ» አለ ባቢከር።

ሲረልኸቲም ግን ዞር ዞር ብሎ አይቷት፣ ራሱን ነቀነቀ። «ደም ሳይፈስላት መንገድ አትወጣም» አለ። «እንዲህ ያለች መኪና ያለ ሰደቃ? የሰው ዓይን በአንድ ቀን ነው የሚገለብጣት! በጉ የእኔ ነው፤ ተወው፣ አትናገር።»

ዓርብ ከጸሎት በኋላ በጉን እየጎተተ መጣ። ቀንዱ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ፣ ሲረልኸቲምን ራሱን የሚያክል አውራ በግ። ሰዉ ተሰብስቧል። ሲረልኸቲም ጀለቢያውን ሰብስቦ ታጥቆ፣ ቢላዋ የሚሳልበትን ድንጋይ ፈለገ፤ እስከዚያው በጉን አንድ ቦታ ማሰር ነበረበት። አጠገቡ ዛፍ አለ፣ የበር መቃን አለ፣ የውሃ ጋን መቆሚያው አለ። እሱ ግን ገመዱን የመኪናዋ በር እጀታ ላይ ሸብ አድርጎ ዘወር አለ።

ያኔ ነው የጭነት ባቡሩ ከጣቢያው ሲነሳ ጡሩምባውን የነፋው። አትባራ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ አይሰማውም። በጉ ግን የገጠር በግ ነው፤ ደንብሮ ዘለለ። ገመዱ መልሶ በሩ ላይ ላተመው። ደግሞ ዘለለ፣ ደግሞ ተላተመ፤ ከዚያ ራሱን አዘንብሎ ለመሸሽ ሲታገል ቀንዱ ከእጀታው ጀምሮ እስከ ኋላው ጎማ ድረስ ሲጥጥጥ እያለ ሄደ። ሰዎች ሮጠው ሲይዙት የሆነው ሆኗል። ያ ሁሉ የተደረበ ቀለም ተቀዶ ነጩ ላሜራ ወጥቷል።

ሲረልኸቲም ቢላዋውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ያ ትልቅ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ።

«እንግዲህ ከዓይን ተረፈች፤ ከቀንድ ግን አልተረፈችም» አለች ሲትና።

ሰዉ ባቢከርን አየ። ባቢከር ፈገግ አለ። «ምንም አይደለም። በጉን እረዱት፣ ሰዉ ሳይርበው» አለ።

በጉ ታረደ፣ ሥጋው ተቀቀለ፣ ለጎረቤት ታደለ፣ ተበላ። ሲረልኸቲም ግን አልቀመሰም። ሰው በሥጋው ላይ እያለ ጫማውን አጥልቆ ሹልክ ብሎ ሄደ።

ባቢከር ምንም አይደለም ይበል እንጂ ተናዷል። ሰዉ ከተበተነ በኋላ በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን በጭረቱ ላይ አስኬደ። ቡሰይና ሳህን እየሰበሰበች አየችው።

«በሩ ይከፈታል?» አለችው።

«ይከፈታል።»

«ይዘጋል?»

«ይዘጋል፣ ምን ይሆናል።»

«ታዲያ በር ነዋ፣ የሰልማ አባት። ምን ሁን ነው የምትለው?»

ባቢከር እዚያው እንደተቀመጠ ንዴቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ተሰማው። ስንቱን ፉርጎ ቀብቶ ስንቱን አሸዋ እንደላጠበት አሰበ። ለአንዱም አንድ ቀን አላለቀሰለትም። ይህችስ ከፉርጎ በምን ትበልጣለች? የራሱ ስለሆነች ብቻ? «ቀለም ሲያልቅ ቀላቅዬ እሠራለሁ፤ ሲረልኸቲምን ከምንና ከምን ቀላቅዬ ልሠራው ነው?» አለ ለራሱ። ተነሳና እጁን ታጥቦ የቀረውን ሥጋ በላ። እንቅልፉንም ለጥ ብሎ ተኛ።

በሩን ለመሥራት አልቸኮለም፤ ደህና ስቱኮ ከኻርቱም እስኪላክለት ይጠብቅ ነበር። ሲረልኸቲም ግን እንቅልፍ አልነበረውም። አንድ ቀን ባቢከር ለቅሶ ሊደርስ ወጥቶ ሳለ፣ ከገበያ የገዛትን አንድ ቆርቆሮ ቀለም በጀለቢያው ሸሽጎ መጣና ቡሰይናን ውሃ ለመናት። እሷ ውሃውን ቀድታ እስክትመለስ ብሩሹን አውጥቶ ጀምሯል። «እባክሽ ዝም በይ፣ ሲመጣ አልቆ ይየው» አላት። የገዛው ቀይ ቀለም ሰው የግቢ በር የሚቀባበት ነው። ቴምሩ ላይ ሲያርፍ እንደ ቲማቲም በራ። ወፍራም አድርጎ ስለጫነው ተንጠባጠበ፤ የተንጠባጠበውን በመዳፉ ሲጠርግ እስከ መስኮቱ ድረስ ተለቀለቀ። የባሰውን አይቶ ደነገጠና ቆርቆሮውን ጥሎ ጠፋ።

ባቢከር ከለቅሶ ሲመለስ በሩ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ። እውነቱን ለመናገር፣ ጭረቱ እንዲህ አላመመውም ነበር። በግ የሠራው የበግ ሥራ ነው። ይኼ ግን ሙያውን ነካው።

«መኪናህ ከንፈሯን ተቀባች! አሁንስ በእርግጥ ሠርግ አለ ማለት ነው» ብላ ሲትና ከዛፉ ሥር ጮኸች።

ባቢከር አሁንም ምንም ሳይል ገባ። ቡሰይናንም አልተናገራትም። ሲረልኸቲምን የሚያገኙ ሰዎች ሲጠይቁት ብቻ፣ «ምንም አላልኩትም፣ ሰላም በሉልኝ» እያለ ይልካል። ሰላምታው በደረሰ ቁጥር ሲረልኸቲም ይብስ ራቀ። ማለዳ ማለዳ አብረው ሻይ ከሚጠጡበት ጥላ ቀረ። መስጊድ ውስጥ መጨረሻ ሰልፍ ላይ ቆሞ መጀመሪያ መውጣት ጀመረ። ያ ሰፈሩን የሚያናጋ ድምፁ ሲጠፋ፣ ባቢከር ቀኑ ረዘመበት።

አንድ ጠዋት ቁልፉን አንስቶ ያችኑ ባለ ቲማቲም በር መኪና አስነሳና የሲረልኸቲም ደጃፍ ላይ አቁሞ ጡሩምባ ነፋ። ሲረልኸቲም ወጣ። በሩን ሲያይ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ባቢከር። «ጠፋህ እኮ። ምንም እንዳላልኩህ ልኬልህ አልነበረም?»

«እሱ ነው የገደለኝ!» አለ ሲረልኸቲም። ድምፁ ተመለሰ። «ወላሂ እሱ ነው! ምንም አላለም፣ ሰላም ብሏል፣ ምንም አላለም! አንተ ሰውዬ፣ እኔ ባዕድ ነኝ? ለእንግዳ ነው እንዲህ የሚባለው። የስንት ወር ድካምህን አበላሽቼ አንተ ፈገግ ትላለህ፤ እኔ ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ። እንደ ወንድም ተቆጣኝና ይውጣልህ!»

ባቢከር በልቡ፣ ይቅር ያልኩት መስሎኝ ለካ አስሬው ኖሯል አለ። ከመኪናው ወረደ፣ ጥምጣሙን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው ስማ!» አለ፤ ቀስ ብሎ የሚናገረው ሰው መንገዱን ሙሉ በሚያሰማ ድምፅ። «ዕድሜ ልክህን አንድ መንደር ሰው የሚጭን ባቡር ጎትተህ አንድ በግ መያዝ አቃተህ? ዛፍ ቆሞልህ፣ መቃን ቆሞልህ፣ ከሱዳን ምድር ሁሉ የእኔን በር መረጥክ? እሺ፣ በጉስ እንስሳ ነው። የቲማቲሙስ? እኔ፣ ባቢከር፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ከነሕይወቴ ቁጭ ብዬ፣ ከደጄ መጥተህ ሳትጠይቀኝ ትቀባለህ? ባቡርህን ነድቼብህ አውቃለሁ? በል ተናገር፣ አንድ ቀን ነክቼብህ አውቃለሁ?»

«አታውቅም። ጨምር» አለ ሲረልኸቲም።

«ጨረስኩ።»

«አልጨረስክም፣ ግንባርህ ላይ ይታያል።»

«ሥጋውንም ሳትበላ ሄድክ!» ብሎ ጮኸ ባቢከር። «ቡሰይና ጎድኑን ለአንተ ብላ ደብቃው ድመት በላው!»

ሲረልኸቲም ሊይዘው ሞክሮ አቃተውና በሳቅ ፈነዳ። ባቢከርም ተከተለው። ሁለት ሽበታም ሰዎች መኪናዋን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ጎረቤቶች ምን ተገኘ ብለው በራቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ባቢከር ሲረልኸቲምን ግቢው ውስጥ አስቀምጦ በቲነር የተነከረ ጨርቅ ሰጠው፤ የራሱን ቲማቲም ራሱ ጠረገ። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት ሰጠው።

«ቀስ! ላሜራ ነው፣ ድንጋይ አይደለም።»

«ይኼ እኮ ጥፍሬን ጨረሰው።»

«የእኔን ስንት ዘመን ሲጨርሰው ኖሯል። ፈግፍግ።»

ብሩሹን ግን አልሰጠውም። ወዳጅነት ወዳጅነት ነው፣ ሙያ ሙያ ነው።

በሩ ደረቀና ሲታይ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ባቢከር ቀለሙን በዓይኑ ስለሚቀላቅል ያን ቴምር እንደገና ሊያገኘው አልቻለም፤ ይኼኛው ትንሽ ጠቆር አለ። ሲረልኸቲም ነገሩን ቀድሞ አየና ፊቱ ሊጠቁር ነበር።

«አንድ ዘለላ ላይ ያለ ቴምር ሁሉ እኩል ይበስላል?» አለው ባቢከር። «ተወው። መኪናዋን ሙሉ እንደገና ልቀባ ብል እችላለሁ፤ ግን የብርዱ ወራት አልፏል፣ እኔም መንዳት አማረኝ።»

እውነቱንም ነበር። የተቀባች ጊዜ ሰው እንዳይነካት እየጠበቀ ግቢ ውስጥ ያቆማት መኪና፣ ከዚያ በኋላ ሥራ ጀመረች። በሽተኛ ሐኪም ቤት አደረሰች፣ ሙሽራ ጫነች፣ ሽንኩርት ጫነች። የሲትናን ከሰል ሳይቀር ጫነች፤ ከሰሉ ኮፈኗ ላይ የተወውንም ምልክት ባቢከር አልፈገፈገውም። አዲስ መኪና ገዝተው በአንድ ጭረት ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣሉ ሰዎች እሱ ዘንድ ለሽምግልና ሲመጡ፣ «መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ታረቁ፤ ተራውን አታዛቡት» ይላቸዋል።

በሩ በደረቀ ማግስት ሁለቱ ዓሣ ሊገዙ ወደ ወንዙ ሊሄዱ ተነሱ። ሲረልኸቲም በተሳፋሪው በኩል ሊገባ ሲል ባቢከር ቁልፉን ወረወረለት።

«እኔ?» አለ ሲረልኸቲም። «መሪ ይዤ እኮ አላውቅም። ባቡር መሪ የለውም፣ ሐዲዱ ነው የሚወስደው።»

«አውቃለሁ። ግባ፣ አስተምርሃለሁ።»

«ባቢከር፣ ብጭራትስ?»

«ብትጭራት ያን ጊዜ እጮህብሃለሁ። አሁን ግባ፣ ዓሣው ያልቃል።»

ሲረልኸቲም ገባ። መኪናዋ አንዴ ዘለለች፣ ጠፋች፣ እንደገና ተነሳች። ሲትና ማንቆርቆሪያዋን ታቅፋ ከመንገዱ ዳር ሸሸች። ከእግረኛ በቀረፈፈ ፍጥነት፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያለች፣ ያች የቴምር ቀለም ኮሮላ ወደ ወንዙ ወረደች። ባቢከር ክንዱን መስኮቱ ላይ አሳርፎ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሰላም ይል ነበር።