በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት ክኒን

ከአሰብ የወጣን ማታ ሙቀቱ አይጣል ነበር። የጭነት መኪናው ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ባሌ ታች ቆሞ የወደቡን ሥራ እንደጨረስኩ እከተላችኋለሁ አለን። ልጄ አልማዝ እጁን አልለቅም ብላ፣ መኪናው ሲነሳ ነው የተላቀቁት። ከዚያ ወዲህ ለአልማዝ እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፣ ግድግዳ እያዩ መቀመጥ ብቻ ሆነ።

መካኒሳ አቦ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየን። ወገኖቼ፣ አሰብ ደጅ ላይ ያለ አንሶላ ስናድር የኖርን ሰዎች፣ እዚህ ክረምት ሲገባ ብርድ ልብስ ደርበንም ጥርሳችን ይንገጫገጫል። አንድ ቀን ዓሣ አማረኝ ብላቸው አከራያችን እትዬ ዘነቡ የሚያፈሰውን ጣራ ቀና ብለው አዩና፣ «እዚህ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ብቻ ነው» አሉኝ። ገና ስንገባ ጭንቅላቱ የተነካ ሰው እንደማያስገቡ ነግረውኝ ነበር። ስለዚህ ሐኪም ለልጄ ድብርት አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን ሲያዝላት፣ እሳቸው ቤታችንን ሳያንኳኩ ስለሚገቡ፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ መዞር ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ልጄን ሆዷን ቆረጣት። ሆስፒታል ስንደርስ ትርፍ አንጀት ነው፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ትሁን አሉ። ታማሚ ብቻውን አይላክምና እትዬ ዘነቡም ተከትለውን መጥተው ራስጌዋ ቆመዋል። ማደንዘዣ የሚሰጠው ልጅ መጣና በየቀኑ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀ። አልማዝ እኔን አየችኝ፣ እንዳትናገሪ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እትዬ ዘነቡ ቀደሙን።

«ምን መድኃኒት! እኔ ግቢ ነው ያለችው፣ የአቦን ጠበል ነው የምትጠጣው። ጤነኛ ናት ብለህ ጻፍ።»

ሊጽፍ ነው። በዚህ ዝናብ ከቤት ከተባረርን የት እንወድቃለን? ልጄ ተኝታ በዚያው ብትቀርብኝስ? ቋጠሮውን ፈታሁ።

«ይሄን ማታ ማታ ትወስዳለች። ትናንትም ወስዳለች» አልኩት።

አልተቆጣኝም። «እናቴ፣ ይሄ ከአንዳንድ የማደንዘዣና የደም ግፊት ከፍ ከሚያደርጉ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ የልብ ምት ያዛባል። አሁን ስላወቅሁ የሚስማማትን እመርጥላታለሁ፣ ከአጠገቧም አልለይም» አለኝ። እንግዲያው ልጣለው ወይ አልኩት። በራስሽ ድንገት ማስተው ሌላ ሕመም ያመጣል፣ እሱን እኔና ሐኪሟ እንነጋገርበታለን አለ። እናንተም በየሰው አገር ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ክኒን ካላችሁ ለሚያደነዝዛችሁ ሰው ተናገሩ፤ ማንም ይስማ።

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ልጄ በደህና ነቃች። ቤት ስመለስ ደጃፌ ላይ ጠበቁኝና፣ «ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ፤ ግን ሌላ ቤት ፈልጊ» አሉኝ።

ቴሌ ሄጄ ተሰልፌ አሰብ ደወልኩ። ለባሌ ኦፕራሲዮኑንም፣ ክኒኑን አውጥቼ ማሳየቴንም ነገርኩት።

«ነቃች?» አለኝ።

«ነቃች።»

«የክኒኑን ነገር ሰው ሰማ እንዴ?» አለ።

«ውሃ ስጡኝ እያለች ነው እኮ።»

«የሰማ ሰው አለ ወይ ነው የምልሽ።»

«መጥተህ እያት» አልኩት።

ከበስተኋላው የመርከብ ጡሩምባ ሲነፋ ይሰማኛል። መልሱን ሳልጠብቅ ስልኩን ዘግቼ ወደ ልጄ ሄድኩ።