ከጎሚስታው ወለል የተለቀመ አቧራ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ያታክተኛል። በሃይድሮጂን ለሚበር አውሮፕላን የአየር ማጣሪያ ከሚነድፉ ሰዎች አንዷ ነኝ። ሃይድሮጂኑን ከአየር ጋር አዋህዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፊውል ሴል የሚባል ዕቃ ቅምጥል ነው፤ አቧራው ሳያንስ የእበትና የማዳበሪያ ሽታ እንኳ ያሳምመዋል። ስለዚህ ማጣሪያው ውስጥ ሽታ የሚይዝ ከሰል እናደርጋለን። ምን ያህል ከሰል እንደሚበቃ ለማየት በስንዴ አጨዳ ወቅት አንድ የሙከራ ማጣሪያ ይዤ ሳጉሬ፣ አጎቴ ቤት ሄድኩ።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ኮምባይነር ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ማጣሪያውን ጓሯቸው ውስጥ፣ በከብቶቹ በረትና በስንዴው ማሳ መካከል ሰቀልኩት። ሦስት ሳምንት አየር ሲስብ ከረመ፤ እኔም አብሬው ከረምኩ። ላወርደው አንድ ቀን ሲቀረኝ አሰላ ደርሼ ስመለስ አጎቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፊታቸው ፈክቷል።

«ኮቱ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ «ነይ እይው! ፊልትሮሽ ታፍኖ ነበር። ጎሚስታው ጋ ወስጄ በኮምፕሬሰር አስነፋሁልሽ። አዲስ አይመስልም?»

ይመስላል። የሦስት ሳምንቱን ሽታ የያዘው ከሰል ግን በግፊቱ ብን ብሎ ወጥቷል። ኮምባይነር የሚወድ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እሳቸው በአጨዳ ሰሞን ፊልትሮ ሳያስነፉ እራት የማይቀምሱ ነበሩ። ይህን አውቃለሁ። ግን አጨዳው ሊያልቅ ነው፣ ውጤቱን የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ፣ ሌላ ማጣሪያ ደግሞ አልያዝኩም። ደሜ ፈላ።

«ለምን ነኩት? ሥራዬን እኮ ገደል ከተቱት!» ብዬ ጮህኩባቸው።

በዚያ ቤት ማንም ጮሆባቸው አያውቅም። ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ልሳፈር መናኸሪያ ስደርስ ቀድመውኛል። ፌስታል ይዘዋል።

«ከውስጡ የወጣውን ለቅሜዋለሁ» አሉኝ። «እባክሽ መልሺበት።»

አየሁት። አቧራ፣ የገለባ ብናኝ፣ የከሰል ፍርፋሪ፣ የጎማ ፍቅፋቂ፣ አንድ የለስላሳ ቆርኪም አለበት። ለምንም አይሆንም። ይህንኑ ልነግራቸው ስል ሱሪያቸውን አየሁ። ሁለቱም ጉልበት ላይ የጎሚስታው ጥቁር ቅባት ተለጥፏል። ወገባቸውን እያመማቸው የጫማ ክር እንኳ ሰው የሚያስርላቸው አጎቴ፣ ተንበርክከው ነው የለቀሙት። አፈርኩ።

እዚያው ሰው መሐል ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ይሆንሻል?» አሉኝ ቀና ሊያደርጉኝ እየታገሉ።

«ይሆነኛል፣ አጎቴ።»