ቧሂት ላይ ሞተር ማጥፋት

አባቴ የመኪናውን ቁልፍ ለሰው አይሰጥም። ለእኔም ቢሆን። ደባርቅ ላይ ጋራዥ ከፍቼ የሰው መኪና ስፈታ ስገጥም እየዋልኩ፣ የእሱን አሮጌ ጂፕ ለማስነሳት ግን እሱ ራሱ መጥቶ ቁልፉን እስኪያዞር እጠብቅ ነበር። ደረቅ ሰው ነው። እኔም የእሱው ልጅ ነኝ።

ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው የጂፑ ካርቡረተር አልቆለት ነበር። እሱን አውጥቼ በኮምፒውተር እየታዘዘ ቤንዚን የሚረጭ ኢንጀክተር የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ቤንዚን ደህና የሚነደው ከአየር ጋር በልኩ ሲደባለቅ ነው። የገጠምኩት ኮምፒውተር ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር አይለካም፤ ይገምታል። ነዳጅ መርገጫው ምን ያህል ተረገጠ፣ ሞተሩ በምን ፍጥነት ይዞራል ብሎ ከሠንጠረዥ ላይ ቁጥር ያነባል፣ ያንን ቁጥር በአካባቢው የአየር ግፊት ያባዛል። የጭስ ማውጫው ላይ የተሰካው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ ከጭሱ ውስጥ የተረፈውን አይቶ ቤንዚኑ በዛ ወይም አነሰ ይላል። ሠንጠረዡን መሙላት የእኔ ሥራ ነበር።

ሳምንት ሙሉ ከደባርቅ ዳባት ተመላለስን። አባቴ ይነዳል፣ እኔ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጥር እቀያይራለሁ። "በሦስተኛ ማርሽ ውጣ፣ አሁን ልቀቀው፣ እንደገና እርገጥ" ስለው ያጉረመርማል። "ሹፌር ነኝ ወይስ የእርሻ በሬ?" አለኝ አንድ ቀን። በመጨረሻ የሠንጠረዡ ግምትና ሴንሰሩ የሚለው ገጠሙ። ጂፑ ዳገት ሲይዝ ድምፁ እንኳ አይለወጥም። በራሴ ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ጎንደር ደርሶ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋግም ጀመር። "ስመለስ ዳባትን ካለፍኩ በኋላ ቤንዚን ይሸተኛል" ይላል። ላፕቶፑን እሰካና ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን እንደገና እንዲያዞር አደርጋለሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። "አፍንጫህ ካርቡረተሩን ናፍቆ ነው" እለዋለሁ። ሰው አባቱን እንዲህ አይልም። እኔ ግን አልኩት።

ኅዳር ላይ የኔታ ደረስጌ ማርያም መሄድ ፈለጉ። አባቴን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። በልጅነታቸው ዜማ የተማሩት እዚያው ደረስጌ ነው። አሁን ዓይናቸው ደክሞ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፉም። "ለዘንድሮው የማርያም በዓል ካልደረስኩ ሌላ ዓመት የለኝም" አሉት አባቴን። አባቴ "እኔ አደርስዎታለሁ" አለ። እሱ ቃል ከገባ አለቀ፤ ሌሊቱን እንኳ ጎማ ሲፈትሽ ነበር ያደረው ብትሉኝ አምናለሁ።

በዋዜማው ጠዋት ተነሳን፤ የኔታ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የዚያ መንገድ ሹፌሮች አንድ ሕግ አላቸው፦ የቧሂትን ተራራ እስክትሻገር ሞተር አይጠፋም። በካርቡረተር ዘመን ከፍታ ላይ የጠፋ ሞተር አልነሳም እያለ ስንቱን ብርድ ላይ አሳድሯል። ሳንቃ በር ላይ አባቴ ከፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ የኔታም ወርደው እግራቸውን ሲያፍታቱ፣ ሞተሩ ይሠራ ነበር።

ወደ ቧሂት መውጣት ስንጀምር ጂፑ ከበደው። በሁለተኛ ማርሽ መሳብ አቃተው፣ አባቴ አንደኛ አስገባ። ከኋላችን ጥቁር ጭስ ተከተለን። ቤንዚኑ አሁን እኔንም ሸተተኝ። አንድ መታጠፊያ እንዳለፍን ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ሊቆም ሲል አባቴ የእጅ ፍሬኑን ያዘና ነዳጅ እየረገጠ በግድ አቆየው። የኔታ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ "ደረስን?" አሉ። 

ላፕቶፑን ከፈትኩ። የአየር ግፊቱ ቁጥር የደባርቅ ነው፣ ጠዋት የነበረው፣ ንቅንቅ ሳይል። ያኔ ገባኝና ፊቴ ጋለ። ኮምፒውተሩ ግፊቱን የሚያነበው ቁልፉ ሲዞር አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተራራ ቢወጣ አያውቅም። አየሩ ሳስቷል፣ እሱ ግን ለደባርቅ አየር የሚሆን ቤንዚን ይረጫል። ሴንሰሩ "በዛ" ይላል፤ አሮጌ ስለሆነ አላመንኩትምና ከጥቂት በላይ እንዳያርም የከለከልኩት እኔው ነኝ። ዝቅ ካለው ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣም እንዲሁ ነበር። እኔ ልመረምር ቁልፉን ሳስዞረው አዲሱን ግፊት አንብቦ ይስተካከላል፣ እኔም አባቴን አሾፍበታለሁ።

"አባዬ፣ ሞተሩን አጥፋው" አልኩ።

"አብደሃል?"

"የግፊቱን ቁጥር ከላፕቶፑ መቀየር አይቻልም፤ አጥፍተህ ስታስነሳው ይስተካከላል።"

"የሚያስነሳው ሞተሪኖ ደክሟል። ባይነሳስ? እኚህን ሰው እዚህ ብርድ ላይ ላስቀምጣቸው?"

እውነቱን ነው። እንዳንገፋው ዳገት፣ ወደ ኋላ እንዳንለቀው በጎን ገደል ነው። ባይነሳ ለበዓሉ መድረስ ቀርቶ የኔታን በሰላም ወደ ቤታቸው መመለስም አንችልም ነበር።

"ስህተቱ የእኔ ነው" አልኩት። "ይሸተኛል ያልከው እውነት ነበር። አልሰማሁህም።"

በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። ከዚያ አጠፋው።

ፀጥታው አስፈራኝ። ንፋሱ ብቻ ይሰማል። የኔታ ቀና አሉና "ቧሂት ነን" አሉ። "ተማሪ ሳለሁ እዚህ ጋ አርፌ ኮቸሮዬን እቆረጥም ነበር። ንፋሱን አወቅሁት።"

አባቴ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ሁለት ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። አባቴ በለሆሳስ "እመቤቴ" አለ። ደግሞ አዞረው። አቃሰተ፣ አቃሰተ፣ ተነሳ። ላፕቶፑ ላይ የግፊቱ ቁጥር ወርዷል። ጥቂት ቆይቶ ጭሱ ጠራ። ጉልበቱ እንደ ደባርቅ ባይሆንም ጂፑ ሳይንቀጠቀጥ በአንደኛ ማርሽ ቧሂትን ወጣ።

ደረስጌ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። የኔታን ደግፌ ቅጥሩ በር ላይ አወረድኳቸው። መቃኑን ዳብሰው ተሳለሙ። ከዚያ እጄን ቀስ ብለው ከክንዳቸው ላይ አነሱና "ከዚህ ወዲያ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ልጄ" አሉ። በመቋሚያቸው መሬቱን እየነኩ ብቻቸውን ገቡ።

አባቴ ከዓይኑ እስኪሰወሩ ድረስ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ወደ ጂፑ ተመለሰና ሲሠራ የቆየውን ሞተር ሳልነግረው አጠፋው። ቁልፉን ግን ኪሱ አልከተተውም።

"ስንመለስ አንተ ታስነሳዋለህ" ብሎ እጄ ላይ አኖረው።