አቶ ደምሴና ጎን ለጎን የነበሩት የሩዝ ማሳዎች

በሰበታ ረግረግ ዳር ሩዝ ያበቀሉት የእርሻ ባለሙያ አቶ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማነው የሩዙ ዘለላ መክበድ በጀመረበት ሰሞን ነው። ከዓለም ገናና ከቡራዩ ሳይቀር የመጣውን ቀባሪ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አልበቃውም። ከመቃብራቸው አጠገብ ቆሜ የተሰማኝን ልናገር፤ ቀናሁ። እኔ ብሞት ይህ ሁሉ ሰው አይመጣም አልኩ።

በእርሻ ሙከራ ጣቢያው አብረን ነበር የተቀጠርነው። ሩዝ የሰበታን ብርድ ይችል እንደሆነ እንድንሞክር ጎን ለጎን ማሳ ተሰጠን። እኔ የእኔን እንደ ስንዴ መሬት በደረቁ ደጋግሜ አሳርሼ፣ አፈሩን አለስልሼ ውሃ ለቀቅሁበት። ውሃው ወደ ታች ሰርጎ ቀረ። እሳቸው ግን አስቀድመው ውሃ ለቀቁ። ጭቃው ሲላቁጥ ከጎረቤታችን ገበሬ ከኦቦ ገመቹ በሬዎች ተውሰው፣ ለጤፍ እንደሚደረገው ማሳውን አስረገጡት። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ከከብቶቹ ኋላ አብረው ሲረግጡ አይቼ ሳቅሁ። የተረገጠው ጭቃ ግን ውሃውን ይዞ ከረመ።

ማዳበሪያውንም እኔ ውሃው ላይ በተንኩት። እሳቸው ውሃውን አጉድለው ከጭቃው ጋር አስረገጡት። «የምንሰጠው ለሥሩ ነው፤ ውሃ ላይ ከዋለ ነፋስ ይበላዋል» ይሉ ነበር። ክረምቱ ሲጋመስ የእሳቸው ሩዝ ጥቁር አረንጓዴ፣ የእኔ ቢጫ ሆነ። የአውራጃው ገዥ ደጃዝማች ሊጎበኙ ሲመጡ አጃቢው ሁሉ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ በእሳቸው ማሳ ዳር ተሰለፈ።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ደግነታቸው ነበር። በተከታዩ ዓመት ኦቦ ገመቹን በሬ ብለምናቸው «አቶ ደምሴ ካላሉ አልሰጥም» ብለው መለሱኝ። ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው አላውቅም፤ በማግስቱ ጠዋት አቶ ደምሴ በሬዎቹን ይዘው የእኔ ማሳ ጭቃ ውስጥ ገብተው አገኘኋቸው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«ብቻዬን ሳምር ደስ አይለኝም። ይግቡና ይርገጡ እንጂ!»

እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ብለው ይጠሉታል?

ዘንድሮ ግን የእኔው ቀደመ፤ ዘለላውም ከእሳቸው ይልቅ ከበደ። መጥተው እንዲያዩልኝ ስጓጓ ታመሙ። ከቀብር መልስ ኦቦ ገመቹ ማሳዬ ዳር ቆሙና «ጋሪዳ! በጣም ጥሩ ነው። የአቶ ደምሴ እጅ ያለበት ሁሉ ያምራል!» አሉ።

አቶ ደምሴ፣ እነሆ አንዴ ብበልጥዎት እሱንም ሰው ለእርስዎ ሰጠብኝ። እኔ ግን አልለቅም፤ የእኔ ነው። «በለጡኝ» የሚለውን ቃል ግን ከእርስዎ አንደበት መስማት ነበር የምፈልገው። ትንሽ ቢቆዩልኝ ምን ነበረበት? በሰላም ይረፉ። ከእንግዲህ ከጎኔ ያለውን ማሳ ማንም ቢያርሰው አልቀናም።