በፎቶ ልክ የተሰፉ ሸሚዞች

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ልጁ ሕግ ልትማር ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «የኔ ዳኛ» ነው የሚላት። ዳኛዋ ታዲያ በክፍሏ ውስጥ ያለችው ብቸኛ ጥቁር ነበረች፤ እሷ ብትረሳው እንኳ የሚያስታውሳት አላጣችም። የሰደባት የለም። ስድብማ ቢሆን መልስ መች ይጠፋት ነበር! ክፍል ውስጥም ሆነ ምግብ አዳራሽ፣ ከአጠገቧ ያለው ወንበር የሰው ቦርሳ ማስቀመጫ ይሆናል። መምህሩ «አራት አራት ሆናችሁ ሥሩ» ሲሉ ሁሉም በዓይን ይጠቃቀስና እሷ ትተርፋለች። ያኔ መምህሩ ዙሪያውን እየቃኙ፣ «እሷን የሚወስድ የትኛው ቡድን ነው?» ይላሉ፤ ተረስቶ ለቀረ ጃንጥላ ባለቤት እንደሚፈልግ ሰው።

አንድ ቀን ብቻ ተፈልጋ ታውቃለች። አንደኛ ዓመት ሳለች የዩኒቨርሲቲው ፎቶ አንሺ ሦስት የክፍሏን ልጆች ሣር ላይ አስቀምጦ ሲያነሳ፣ እሷ በዚያ ስታልፍ አያት። «አንቺ! ነይ መሃል ግቢ! ሳቂ እንጂ!» ሳቀች። ከሦስቱ ጠጉረ ጥቅልሏ ልጅ እጇን ወደ ዳኛዋ ትከሻ ሰደደች። ፎቶው በር አክሎ ዋናው መግቢያ ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩም «ሁላችንም አንድ ነን» ተብሎ ተጻፈበት።

አባቷ ያንን ፎቶ አሳጥቦ ከስፌት መኪናው ፊት ለፊት ሰቀለው። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «የልጄ ጓደኞች» እያለ ያሳያል። በስልክ «ጓደኞችሽ እንዴት ናቸው?» ሲላት፣ «ደህና ናቸው» ትለዋለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ እየከበደ ሄደ።

አንድ ቀን «ልጠይቅሽ ልመጣ ነው» አላት። «ምን ያደክምሃል አባዬ» ብትለው አልሰማም። ከሰዓት እመጣለሁ ያለው ሰውዬ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ከክፍል ስትወጣ ስልኳ ላይ መልእክቱን አገኘች፤ «ምግብ አዳራሽ ነኝ። ጓደኞችሽን እየፈለግኩ ነው።» ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! እሱ እነሱን ሳያገኝ እሷ እሱን ልታገኘው ሮጠች።

አልደረሰችም። አባቷ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ነጭ ሸሚዝ በጠጉረ ጥቅልሏ ልጅ ትከሻ ላይ እየለካ ነው።

«አይጠብሽም፣ ልክሽን ከፎቶው ነው የወሰድኩት» ይላል።

«ይቅርታ አባባ፣ ከሰው ጋር ተምታታሁብዎት መሰለኝ።»

«የልጄ ጓደኛ አይደለሽም እንዴ?»

ልጅቷ ቀና ስትል ዳኛዋን አየቻት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ፊቷ ቀላ። «እ... አዎ፣ አንድ ክፍል ነን። ስምሽ ማን ነበር?»

ዳኛዋ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አባቷ ግን ሸሚዙን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። «በይ ልበሺው ልጄ። ስሟን ቀስ ብለሽ ትለምጂዋለሽ» አላት። ለሌሎቹ ሁለት ልጆች የሰፋቸው ሸሚዞች ይዞት በመጣው ከረጢት ውስጥ እንዳሉ ቀሩ።

ተያይዘው ወደ መግቢያው ወጡ። ከፎቶው ሥር ሲደርሱ አባቷ ቆመ።

«የልጅቷ እጅ አላረፈም።»

«ምን?»

«እጅ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጨርቅ ይጨማደዳል። ያንቺ እንደተተኮሰ ነው። ልካቸውን ስወስድ ነው ያየሁት።»

«አውቀህ ነው ታዲያ የሰፋህላቸው?»

«ከዚያ ወዲህ አርፎ ይሆናል ብዬ ነዋ።»

እንባዋ ቀደማት። «አላረፈም፣ አባዬ። ማንም የለኝም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳሽን ብቻሽን ነው የበላሽው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አባቷ እጇን ይዞ ወደ መጡበት ዞረ።

«ነይ የኔ ዳኛ። ዛሬ ሁለት ነን።»

አዳራሹ በምሳ ሰዓት ጢም ብሏል። እሷ የተለመደ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ከአጠገቧ ባለው ወንበር ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቦርሳ አለ። አባቷ «ይቅርታ» ብሎ ቦርሳውን አነሳና ተቀመጠ።