የጠዋቱን ሰዓት እንዴት እንደሰጠሁ

ሰላምን ስለ ማስፈን ሦስት ቀን ሠልጥኛለሁ። የምስክር ወረቀቱ እስከ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከባለቤቴ ጋር ስንጨቃጨቅ እሷ አትመልስልኝም፤ ጣቷን ወደ ወረቀቱ ቀስራ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ ብዙም ያልቆየበት፣ ባቡሩ ገና አቃቂን አልፎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድበት ነበር። እኔ ያኔ ከምድር ባቡር ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ በፊት የአቃቂ ጣቢያ ሹም ነበርኩ። ሹም ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሹመቴ አንድ ቆብ፣ አንድ ፊሽካና እጀታው እየተዞረ የሚደወል አንድ ስልክ ነበር። በስልኩ ሌላ ጫፍ፣ ዱከም ጣቢያ ላይ የሚያነሳልኝ ደግሞ የታናሽ እህቴ ባል ነው። እህቴን ያስተዋወቅኩት እኔ ስለሆንኩ፣ በትዳሩ ደስ ያለው ቀን ያመሰግነኛል፣ የከፋው ቀን በኔ ያላክካል።

ሥራችን እንዲህ ነው። ሐዲዱ አንድ ነው፤ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ቢላክ የሚሆነውን ማንም ያውቀዋል። ስለዚህ ባቡር ከመልቀቄ በፊት ደውዬ ምን እንደምልክ እነግረዋለሁ። እሱ ያልኩትን አንድ ቃል ሳያጎድል ይደግምልኛል። እኔ "ልክ ነው፤ መንገዱ ነፃ ነው?" እላለሁ። ያን ጊዜ ብቻ "መንገዱ ነፃ ነው፣ ላክ" ይላል። እሱ ሲደውል ደግሞ መድገሙና ላክ ማለቱ የኔ ተራ ነው። አንዴ ላክ ከተባለ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ የሚባል ነገር የለም። ባቡሩ ወጥቷል። ይህን ለዓመታት ስንባባል ኖረን እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር እየደገምኩ ባለቤቴን ቀስቅሻታለሁ።

እኔና አማቼ ወንጌላውያን ነን፤ የምናመልከውም በአንድ አዳራሽ ነበር። በደርግ ጊዜ አዳራሹ ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀን እንጸልይ ነበር። እሱ በኦሮምኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ሁለታችንም በሹክሹክታ፤ ማን በምን ቋንቋ እንደጸለየ ጎረቤት ቀርቶ አጠገባችን የተቀመጠም አይለየውም። አዳራሹ ሲመለስልን ድምፃችንም አብሮ ተመለሰ። ጠቡም የመጣው ያኔ ነው። በየሰልፉ "አንተ ከየት ነህ?" መባባል የተጀመረበት ጊዜ ስለነበር እኛም ከሰው አላነስንም።

ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። ከድሮዎቹ የገበሬ መንደሮች የሚመጡት ምዕመናን እሑድ ጠዋት በኦሮምኛ እናምልክ አሉ። ጠዋት የአማርኛው ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይሁንላችሁ ተባሉ። አይሆንም አሉ። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ እኔ፣ የአዳራሹ ቁልፍም በኔ ኪስ። "እናስብበታለን" አልኳቸው። ማሰብ መቼም ጊዜ ይወስዳል፤ የኔ ጭንቅላት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሲሰለቻቸው ወጥተው አማቼ ግቢው ውስጥ በሠራው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ማምለክ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ "እኛ"ና "እናንተ" ሆንን። አማቼ ደጄን አልረገጠም። እህቴ ብቻዋን ትመጣለች፤ ብቻዋን ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የልጅቷን ነገር ነው። የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ ለኛ ስለሚቀርብ ያደገችው እኛ ቤት ነው። ቆቤን አድርጋ በፊሽካዬ የሰፈሩን ዶሮዎች ስታሸብር ነው ያደገችው። ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። የምመርቃት እኔ እንደሆንኩ ገና ልጅ ሳለች ጀምሮ ያለቀ ነገር ነበር። አሁን ግን የሰርግ ካርድ ለሰፈሩ ሁሉ ሲታደል ለኔ አልመጣም። በር ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ።

"ጆሮህ ተሻለው መሰለኝ" አለችኝ ባለቤቴ። "እኔ ስጠራህ እኮ አትሰማም።"

ሥልጠናው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ስሙ ረጅም ነው፤ ደቀ መዝሙርነት፣ ሰላም ማስፈንና እምነትን ማደስ በመከፋፈል ዘመን። ስሙን አንብቤ ስጨርስ ደከመኝ። እነሱ ወደ አዳራሹ፣ እኛም ወደ ዳሱ አንሄድም ስላልን በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሆነ። አግዳሚው ለሕፃናት የተሠራ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬ ሥር ደረሰ። አሠልጣኟ ከመሐል ከተማ የመጣች ወጣት ሴት ናት፤ ትልልቅ ወረቀት ሰሌዳው ላይ እየለጠፈች በባለ ቀለም ማርከር ትጽፋለች። እኛ በመስኮቱ በኩል፣ እነሱ በበሩ በኩል ተቀመጥን። ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላለንም።

በመጀመሪያው ቀን "ደቀ መዝሙር ማለት ምን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀች። እጄን አወጣሁ።

"ተከታይ!"

"ጎበዝ አባባ። ማንን የሚከተል?"

መልሱን ሳስተካክል አማቼ ከበሩ በኩል ቀደመኝ። "ቁልፍ የያዘውን!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኛ ወገንም የሳቁ ነበሩ፤ አይቼ ይዣቸዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ከወዲያና ከወዲህ እያጣመረች ፊት ለፊት አስቀመጠችን። አንዱ የከፋውን ይናገራል፤ ሌላው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሰማውን ይደግማል። እኔን ከማን ጋር እንዳጣመረችኝ መናገር አያስፈልግም። ማን ሹክ እንዳላት ግን ገባኝ፤ እህቴ በሩ አጠገብ ሻይ እየቀዳች ወደ ጣሪያው ታያለች።

አማቼ ጉሮሮውን ጠርጎ "ይሄ ሰውዬ አዳራሹን የአባቱ ቤት አድርጎታል" ብሎ ጀመረ።

"ውሸት ነው!" አልኩ።

አሠልጣኟ ጎንበስ አለች። "አባባ፣ መጀመሪያ እሳቸው ያሉትን ይድገሙላቸው።"

"ውሸቱን ልድገመው?"

"ይድገሙት።"

"ይሄ ሰውዬ ውሸት እንደሚናገር ነገረኝ" አልኩ። አማቼ ብድግ አለ፤ እኔም ልነሣ ስል አግዳሚው አልለቀኝ አለ። እሱ ቆሞ፣ እኔ ተቀርቅሬ ተፋጠጥን።

እህቴ የሻይ ብርጭቆ የሞላበትን ዝርግ ትሪ አስቀምጣ መጣች። "የኔ እናት" አለቻት አሠልጣኟን፣ "እነዚህ ሁለቱ ተያይተው ማውራት አያውቁም። ዕድሜያቸውን ያወሩት በስልክ ነው። ጀርባ ለጀርባ አድርገሽ አስቀምጫቸው።"

ይህ በአሠልጣኟ ወረቀት ላይ ያለ አይመስለኝም። ግን ብልህ ነበረች፤ ሁለት የአስተማሪ ወንበር አምጥታ ጀርባ ለጀርባ አስቀመጠችን። ከፊቴ የሚታየኝ ሰሌዳው ላይ የቀረ የልጆች ማባዣ ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

ከኋላዬ "አቃቂ!" የሚል ድምፅ መጣ።

እጄ ወደ ጆሮዬ ሄደ። እኔ አላዘዝኩትም። "አቃቂ ይሰማል፣ ቀጥል" አልኩ።

"ዱከም ነው። የጠዋቱን ሰዓት ጠይቀን ነበር። ሴቶቹ ልጅ አዝለው ከቱሉ ዲምቱና ከቂሊንጦ ማዶ በእግር ነው የሚመጡት። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ሲመለሱ ይመሽባቸዋል። መንገዱ ላይ ጅብ አለ። አንተ እናስብበታለን አልክ። መልስ አልመጣም።"

"የጠዋቱን ሰዓት ጠይቃችሁ ነበር" አልኩ። "ሴቶቹ ልጅ አዝለው ከቱሉ ዲምቱና ከቂሊንጦ ማዶ በእግር ነው የሚመጡት። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ሲመለሱ ይመሽባቸዋል። መንገዱ ላይ ጅብ አለ። እኔ እናስብበታለን አልኩ። መልስ አልመጣም።"

ይህን ነገር ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ነግረውኛል፤ ስለ ጅቡም ሰምቼ ነበር። በራሴ አፍ ሳወጣው ግን ሌላ ሰው የነገረኝ መሰለኝ።

"ልክ ነው" አለ አማቼ። "መንገዱ ነፃ ነው?"

"መንገዱ ነፃ ነው፣ ላክ" አልኩ።

ካልኩ በኋላ ነው ያሰብኩት። ከመስኮቱ በኩል አንዱ ሽማግሌ ባልደረባዬ "ምን አለ? ምንድን ነው ያለው?" ይላል።

"ቆይ፣ ቆይ!" አልኩና ዞርኩ።

"ላክ ብለሃል" አለ አማቼ። እሱ አልዞረም።

"በልምድ ነው ያመለጠኝ!"

"ባቡሩስ በምን ነበር የሚወጣው?"

አሠልጣኟ ማርከሯን ይዛ "ምንድን ነው የሆነው?" ብላ ጠየቀች። እህቴ ሻይ ለመቅዳት እየተመለሰች "ሰጣቸው" አለቻት።

ያን ማታ የሽማግሌዎች ስብሰባ ተጠራ። ማን ሥልጣን ሰጠህ ተባልኩ። ማንም፣ አልኩ። እንግዲያው ተመለስና አልሰጠሁም በል አሉኝ። የምድር ባቡር ሰው አንዴ ላክ ካለ በኋላ ምንም ማድረግ እንደማይችል ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አንድም የባቡር ሰው በመሐላቸው አልነበረም። ከሰብሳቢነት ልልቀቅ ስላቸው አይሆንም ብለው ይለምኑኛል ብዬ ነበር። ወዲያው ተቀበሉኝ። ያ ትንሽ ከፍቶኛል፤ አልዋሽም። ስለ ሴቶቹና ስለ ጅቡ የነገሩኝን ግን እንደተነገረኝ ደገምኩላቸው። ብዙ ተከራክረው ጠዋቱ ለነሱ፣ ከሰዓት በኋላው ለኛ ይሁን ተባለ። ሁለት ቤተሰብ ተቀይሞን ሳሪስ ወዳለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የቀረነው ከምሳ በኋላ ማምለክ ምን እንደሆነ ተማርን። እኔ ሁለተኛው መዝሙር ላይ አንቀላፋለሁ። ድሮ ጠዋት ስንሰበሰብም አንቀላፋ ነበር፤ አሁን ግን ምክንያት አገኘሁ።

ቁልፉን አስቀርጬ አንዱን ለእህቴ ሰጠኋት። እነሱም ዳሱን ትተው ገቡ።

ካርዱ ግን አሁንም አልመጣም። ሰርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው በር ተንኳኳ። ባለቤቴ እንዳትስቅብኝ ብዬ ሳልነሣ ቀረሁ። እሷ ከፈተች። አማቼ ነው።

"ካርድ አልቋል" አለ ገና ሳይቀመጥ።

"ማን ካርድ ጠየቀህ?"

"ምርቃቱ በኦሮምኛ ነው። የሙሽራው አያቶች አማርኛ አይሰሙም።"

አቃቂ ላይ ያን ሁሉ ዘመን ኖሬ የኔ ኦሮምኛ ሽንኩርት ከመግዛት አያልፍም። ይህን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። "ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?" አልኩት።

"ትደግማለህ" አለ። "ሌላ ነገር ባታውቅ መድገም ታውቃለህ።"

ባለቤቴ ቦምቦሊኖ በሳህን ይዛ መጣች። ሁለት በላ። ይቅርታም ምንም አልተባባልንም።

በሰርጉ ዕለት ሙሽሮቹ ከፊቴ ተንበረከኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አይታኝ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። አማቼ ከኋላዬ ቆሞ በጆሮዬ፣ በደህናው በኩል፣ አንድ አንድ ሐረግ ይናገራል። እኔ በትልቅ ድምፅ እደግማለሁ። "ዋቀዮ ኢሲን ሃ ኤቢሱ።" እግዚአብሔር ይባርካችሁ ማለት እንደሆነ ይህችን ብቻ አውቄያታለሁ፤ የቀረውን አምኜው ነው የደገምኩት። የሙሽራው አያት በየሐረጉ አሜን ስላሉ፣ በምርቃቱ መሐል የዱከምን ሽንኩርት ዋጋ አላስነገረኝም ማለት ነው።

ጨረስኩ።

"ልክ ነው" አለኝ በጆሮዬ።

ውጭ መኪናው ጡሩምባውን እየነፋ ነው፤ ሚዜዎቹ ልጅቷን ሊወስዱ ቆመዋል።

"መንገዱ ነፃ ነው?" አለ አማቼ።

በትምህርት ቤቱ ክፍል ሳላስብ ነበር ያመለጠኝ። እዚህ ላይ ግን አስቤበት ነው። ልጅቷን አየኋት።

"ነፃ ነው፣ ላክ" አልኩ።