አልጠፋ ያለው ሞተር

ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ በመካኒክነት የሚሠራበት ፋብሪካ ለግል ባለሀብት ተሽጦ እሱም ከተቀነሰ ወዲህ፣ ቃሊቲ ያለው ግቢያችን ውስጥ አንድ አሮጌ ሎንግቤዝ መኪና ጎማዎቹ ወልቀው ግንድ ላይ ቆሞ ነበር። ተስፋችን በሙሉ እዚያ ግንድ ላይ ነበር ብል ይሻላል። መንገድ ቀያሾች ከመስቀል በኋላ መኪናውን ከነአባቴ ተከራይተው ወደ መስክ ሊወስዱት ቃል ገብተዋል። ሞተሩ እስከዚያ ካልደረሰ ግን ሌላ መኪና ይፈልጋሉ።

ሞተሩ ስድስት ፒስተኖቹ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ፣ ረጅም የናፍጣ ሞተር ነው። አባቴ አውርዶ በታተነው፤ ያለቀውን ቀየረ፣ የቀረውን አጠበ። ማታ ማታ አቧራ እንዳይነካው አንሶላ ያለብሰዋል።

«እኔን እንዲህ አልብሰኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች እናቴ።

«አንቺ መች ተበትነሽ ታውቂያለሽ!»

ሊጨርስ ሲል አጎቴ መጣ፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የታክሲ ሹፌር። በጆንያ የያዘውን ዘረገፈው። ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ያገለገለ ተርቦ ነው፤ አየር እየገፋ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከገባለት ዳገቱን እየሳቀ ነው የሚወጣው!»

«ሲፈጠር ያልነበረውን?»

«ኧረ ጋሼ፣ ዘመኑን ይምሰል እንጂ!»

አባቴ ቀናት አንገራገረ፤ በመጨረሻ ተሸነፈና ገጠመው።

የሚነሳበት ቅዳሜ ጎረቤት ተሰበሰበ። እናቴ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፋለች። እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ «አስነሺው!» አለኝ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ ተነሳ! እንዴት ያለ ጥሩ ድምፅ መሰላችሁ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ አጎቴ አጨበጨበ።

ከዚያ ድምፁ በራሱ ጊዜ ማደግ ጀመረ። እግሬን አየሁት፤ ነዳጅ መስጫው ላይ የለም።

«ቀስ በይ!» አለ አባቴ።

«አልነካሁትም አባዬ!»

«አጥፊው!»

«አጠፋሁት!»

«አጥፊው ነው የምልሽ!»

«አጠፋሁት እኮ! ይኸው!» ቁልፉን ነቅዬ በመስኮት አወጣሁለት።

ቁልፉን አየ። ሞተሩን አየ። ተመልሶ ቁልፉን አየ። መኪናው ያለ ቁልፍ ይጮሃል፤ የሰው ጩኸት ነው የሚመስለው። ኃይሉን ወደ ጎማ የሚወስደው ዘንግ ገና አልታሰረም፣ በማርሽ አንቀን እንዳናቆመው። አባቴ የናፍጣውን ቱቦ በፒንሳ ቆንጥጦ ያዘ። ምንም! ናፍጣ ተከልክሎ እንኳን ይብሱን ጮኸ። ግቢው በጭስ ታፈነ፣ መኪናው ግንዱ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ከውስጥ ዘልዬ ወጣሁ። ባለሱቁ ከመንገድ ማዶ «አውሮፕላን ነው እንዴ የሠራችሁት!» ሲል ይሰማኛል። ሞተሩ አልጠፋም፤ አጎቴ ግን ጠፋ። በቆርቆሮው አጥር ላይ ሲዘል አንድ ጫማውን ብቻ አየሁ።

«አፉን! አፉን ድፈኑት!» አለ አባቴ።

ከጭሱ የተነሳ ለእኛ መስሎን ሁላችንም አፋችንን በነጠላ ያዝን። እናቴ መክተፊያዋን ከነሽንኩርቱ እንደያዘች ከጓዳ ስትወጣ የሽንኩርቱ ልጣጭ ከእጇ ላይ ተነስቶ በረረና ክፍት ወደሆነው የተርቦው አፍ ገባ። ያኔ የማን አፍ እንደሆነ ገባት። ሽንኩርቱን ደፍታ መክተፊያውን በሁለት እጇ ለጠፈችበት። ሞተሩ እንጨቱን ወደ ራሱ ሳበው፤ አቃሰተ፣ ተንፈራገጠ፣ ቆመ።

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ውሃ ሰጠኋት። እኔም ቁልፉን አጥብቄ ከመያዜ የተነሳ ጥርሱ መዳፌ ላይ ታትሞ ነበር። አባቴ ቆይቶ ነው ያስረዳን፤ ያረጀው ተርቦ የሞተሩን ዘይት ወደ ውስጥ እያፈሰሰ ሞተሩ የራሱን ዘይት ሲበላ ነበር። የራሱን ለሚበላ ቁልፍ ምን ያደርግለታል? ሞተሩን ከፍቶ ለማየት ግን የዚያን ቀን አልደፈረም። ፒስተኖቹ ቀልጠው ከሆነ የመስኩ ሥራ አበቃ ማለት ነው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አጎቴ ግቢ ውስጥ ነበር። ተርቦውን ፈትቶ፣ በድሎ ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ እንደሚሸከም ማጅራቱ ላይ ተሸክሞት አባቴ ፊት ጎንበስ አለ። ዘይቱ በሸሚዙ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ።»

እናቴ ከበሩ «አንተ መች አጠፋህ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ!» አለች።

አባቴ ሳይወድ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ መፍቻ አነሳ። ሞተሩን ሲከፍት ሁላችንም ከበነው። ስድስቱንም አንድ በአንድ ዳበሰ። አንዱ ተጭሯል፤ የቀለጠ ግን የለም። «ይድናል» አለ።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ ታክሲውን ጠዋት ጠዋት ብቻ እየነዳ፣ ክረምቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ብረት በናፍጣ አጠበ። መንገድ ቀያሾቹ ከመስቀል በኋላ መጥተው መኪናውን ከነአባቴ ወሰዱት። አጎቴ ተርቦውን አልሸጠውም። የሌላ ሰው መኪና ላይ እንዳይገጠም ብሎ ደጃችን ላይ በመዶሻ ሰባበረውና ለቆራሌው ሰጠው።